ጊቤን መሻገር

ለጢፋን ውሻ የነከሳት በጠዋት፣ የሥራ ቦታዋ በር ላይ ነው። ይህች «በር ላይ» የምትባል ነገር ኋላ ብዙ ጣጣ ስላመጣች፣ ታሪኩን ከዚያው መጀመር ይሻላል።

ዘመኑ 1976 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ኅዳር፣ ቡና የሚገባበት። ጅማ ውስጥ ድሮ የአንድ ነጋዴ የነበረ፣ ኋላ መንግሥት የወረሰው የቡና መጋዘን ነበር። ሴቶቹ መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰባበረውን ፍሬ ከደህናው እየለዩ ይለቅማሉ። ለጢፋ ከነዚህ አንዷ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ አልሞላም። ባሏ ጀማለዲን ከሚሊሻ ጋር ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እሷም የወተት ጥርሷን ገና ያልጣለች ልጇን ሱዓድን ይዛ፣ አወቱ መንደራ ውስጥ በአንዲት ክፍል ቤት ትኖራለች። እንደ ብዙዎቹ ለቃሚዎች ጊዜያዊ ሠራተኛ ናት። ወቅቱ ሲመጣ ትጠራለች፣ ወቅቱ ሲያልፍ ትሰናበታለች።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሴቶቹ በሩ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ዘበኛው ቱሉ የብረቱን በር ገርበብ አድርጎ አንድ በአንድ ያስገባል። ቡሬ የምትባለው ውሻው እንደ ልማዷ እግሩ ሥር ተኝታለች። ድንገት ከወንዙ በኩል አንድ ዳለቻ ውሻ ብቅ አለ። አይጮህም። አንገቱን ደፍቶ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ፣ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን እየተንገዳገደ ይመጣል። ሴቶቹ አይተው «ሂድ!» እስኪሉ ድረስ ደርሶ የለጢፋን ባት ዘነጠለ። ቡሬ ዘላ ተያያዘችው። ሁለቱ ውሾች አቧራው ላይ ተንከባለሉ፤ ቱሉ በዱላው ደጋግሞ ሲመታው ዳለቻው ተነሣና፣ አሁንም አንዲት ድምፅ ሳያሰማ፣ ወደ መጣበት ወረደ።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት አሮጊት በኦሮምኛ «ሰሬ መራታ» አሉ። ያበደ ውሻ ማለት ነው።

ለጢፋ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተሰማት ሕመም ብቻ ነበር። የፈራችው ዙሪያዋን ስታይ ነው። አብረዋት ቡና የሚለቅሙት፣ ከአንድ ሳህን አብረዋት የሚበሉት ሴቶች፣ ማንም ሳያዝዛቸው ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው በመካከላቸውና በእሷ መካከል ባዶ መሬት ትተዋል።

ቱሉ ደግፎ ወደ ከተማው ሆስፒታል ወሰዳት። ቁስሉን ያዩላት አቶ ወልደሰማያት የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ የጤና ረዳት ናቸው። እግሯን በሳሙናና በውሃ አጠቡ፤ ያጥቡታል፣ ያጥቡታል፣ እንደገና ያጥቡታል።

«ውሻው የታለ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ወደ ወንዙ ወረደ።»

«ቢታሰር ኖሮ ጠብቀን እናየው ነበር። ካልተገኘ ግን እንዳበደ ነው የምንቆጥረው።» እጃቸውን አደራረቁ። «ስሚኝ ልጄ። መርፌው እዚህ የለም፤ አዲስ አበባ ነው ያለው። በየቀኑ ነው የሚሰጠው፣ ሆድ ላይ። እኔ እጽፍልሻለሁ፤ አንቺ ከመሥሪያ ቤትሽ የሕክምና ወረቀት አምጪና ቶሎ ሂጂ።»

«ባልሄድስ?»

«በሽታው አንዴ ከተነሣ መድኃኒት የለውም። ውሃ አልወርድ ካለሽ፣ ያኔ አለቀ።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ባይነግሯት ይሻላት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጢፋ ውሃ በጠጣች ቁጥር ጉሮሮዋን አዳመጠች።

መጋዘኑ ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይ በእጁ የነበረው ጓድ ለይኩን የሚባል ወጣት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ፈሪ ሰው ነበር። ፈሪ ሰው ደግሞ ያስፈራል። ለጢፋ እያነከሰች ገብታ ከጠረጴዛው ፊት ስትቆም የመመሪያውን ጥራዝ ገለጠ።

«በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ከሆነ ድርጅቱ ያሳክማል፤ ጊዜያዊም ብትሆኚ» አለ። «ካልሆነ ግን በራስሽ ነው። የት ነው የነከሰሽ?»

«ባቴን።»

«እሱን አይደለም። ከበሩ ውስጥ ነው ወይስ ከበሩ ውጭ?»

ለጢፋ አሰበች። «አንድ እግሬ ገብቶ ነበር።»

«የተነከሰው የትኛው ነው?»

«ውጭ የቀረው።»

ጓድ ለይኩን ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ይጣራል። የምስክር ቃል ይያዛል። እስከዚያው ጠብቂ።»

ታላቅ እህቷ ጠይባ ይህን ስትሰማ ጮኸች። «ይጣራል? እነሱ እስኪያጣሩ አንቺ ቡችላ ትወልጃለሽ!» ጠይባ የምትናገረው አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነው። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ሆዱ ውስጥ ቡችላ ይፈጠራል፣ ቡችላው ሲያድግ ሰውየው ይጮሃል፣ ዘመዱን ይነክሳል ይባላል። ለዚህም መድኃኒተኛው ከሰርቦ እልፍ ብሎ ያሉት አባቦራ ናቸው። ከአባታቸው፣ አባታቸውም ከአባታቸው የተቀበሉት መድኃኒት ነው። «እነሱን ወረቀት ስትለምኚ ልትሞቺ ነው?» አለች ጠይባ፤ ሱዓድን ለጎረቤት ሰጥታ እህቷን በቡና መኪና ጭና ወደ ሰርቦ ወሰደቻት።

አባቦራ ለጢፋ እንደ ጠበቀቻቸው አልነበሩም። ቡናቸውን ፀሐይ ላይ አስጥተው በእጃቸው የሚያገላብጡ፣ ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ኮፍያቸው የነተበ ገበሬ ናቸው። እንግዶቹን ሲያዩ መጀመሪያ ያደረጉት ወጥቶ መንገዱን ግራና ቀኝ ማየት ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «ጎጂ ልማድ» እያለ አስጠንቅቋቸዋል፤ አንድ መድኃኒተኛ ታስሮ መወሰዱንም ሰምተዋል። የአጥሩን በር ቆልፈው ገቡ።

«ሂን ሶዳቲን፣ ኢንተለ ኮ» አሏት። አትፍሪ ልጄ ማለታቸው ነው። ግን የመድኃኒቱን ሥር ዱቄት ወተት ላይ ሲነሰንሱ የገዛ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ቢስሚላህ በይና ጠጪ። ከባድ ነው።»

ከባድ ነበር። ለጢፋ ያሳለፈችውን ከዚያ በኋላ በደንብ ማስታወስ አልቻለችም። ሆዷ ተገለበጠ፤ ያልበላችውን ሁሉ አስመለሳት። ዓይኗ ፈዘዘ፣ አፏ እንደ አመድ ደረቀ፣ የጎጆው ግድግዳ ቀረብና ራቅ አለባት። ዳለቻው ውሻ ከጥግ ቆሞ፣ ሳይጮህ ሲያያት አየች። «አውጡት!» ብላ ስትጮህ ጠይባ እጆቿን ይዛ ታለቅሳለች። ከሰውነቷ የወጣውን ጠይባ ጎንበስ ብላ መረመረች፤ ቡችላ የሚመስል ነገር አይታ እንደሆነ ለጢፋ ልትጠይቃት አልደፈረችም። ያየችውን ብትነግራት መኖር የምትችል አልመሰላትም።

በእግሯ መቆም ስትችል አባቦራ አስቀምጠው ክልክሉን ነገሯት።

«እስከ አርባ ቀን መርፌ እንዳይነካሽ። መድኃኒቱ ይቆጣል። ወንዝም እንዳትሻገሪ።»

«አባ፣ በቤቴና በሥራዬ መካከል አወቱ ወንዝ አለ እኮ» አለች ለጢፋ።

አባቦራ ትንሽ አሰቡ። «ትንንሹን ውሃ አላህ ይይዝልሻል። ጊቤን ግን አደራ! ጊቤን የተሻገረ አይተርፍም።»

ለጢፋ የዚህ ነገር ትርጉም ወዲያው ገባት። ከጅማ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ጊቤን ሳይሻገር አይሄድም። አንዱ መድኃኒት ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፣ ሌላው መድኃኒት ደግሞ ወንዙን ከልክሏታል። ሁለቱንም መከተል አትችልም።

ወደ ጅማ ስትመለስ ጓድ ለይኩን አስጠራት። ፊቱ ጠቁሯል። ጠረጴዛው ላይ የተፈረመ የሕክምና ወረቀት አለ።

«ዘበኛው ከበሩ ውስጥ ነው የነከሳት ብሎ መስክሮልሻል» አለ። «እኔ ከበላይ አስፈቅጄ ስጨርስ አንቺ የለሽም። የት ነበርሽ?»

ለጢፋ መዋሸት አልቻለችበትም። «ሰርቦ። መድኃኒት ጠጥቼ።»

«የባህል መድኃኒት?»

«አዎ» አለች።

«መንግሥት ሊያሳክምሽ ሲደክም አንቺ መድኃኒተኛ ቤት ተኝተሽ ነበር!» ድምፁ ከፍ አለ፤ ከውጭ የሚሰማ ሰው እንዳለ ሁሉ ጆሮውን ወደ በሩ አዘነበለ። «ድርጅቱ የሥር ዱቄት አይሸፍንም። የቀረሽባቸው ቀናትም በሕመም አይያዙም፣ ከሥራ በመቅረት ነው የሚያዙት። በምርት ዘመቻ ጊዜ ከሥራ መቅረት ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች። አሻጥር ይባላል። በአሻጥር ስማቸው ተነሥቶ ያልተመለሱ ሰዎችን ከሠፈሯም ታውቃለች።

«አሁን ይኸውና ወረቀቱ። ነገ ትሄጃለሽ?»

ለጢፋ ወረቀቱን አየች። እጇ ግን አልተዘረጋም። ጊቤ ታያት፤ ውሃው ሳይሆን ከውሃው ማዶ የሚጠብቃት ነገር። «ጓድ ለይኩን፣ አልችልም» አለች ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «አርባው ሳያልፍ ወንዝ ከተሻገርኩ እሞታለሁ።»

ጓድ ለይኩን ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከቶ ዘጋው። «ከእንግዲህ ብትታመሚ ድርጅቱ አያውቅሽም» አላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለለጢፋ የሕይወቷ ሁሉ ረጅሙ ነው። ሥራ ትገባለች፣ ቡና ትለቅማለች፣ ከሴቶቹ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። ቁስሉ ሽሮ ጠባሳ ሆነ፤ አንዳንድ ቀን ያሳክካታል፤ ሲያሳክካት ልቧ ቀጥ ይላል። ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሣ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ውሃ መጠጣት ነው። ከወረደላት «አልሐምዱሊላህ» ብላ ቀኗን ትጀምራለች። አንድ ጠዋት ውሃው ትን ብሏት ስትስል ኩባያዋ ከእጇ ወድቃ ተሰበረች፤ ጉንፋን መሆኑን እስክታረጋግጥ ድረስ መሬት ላይ ተቀምጣ አረፈደች።

አወቱን በድልድዩ ስትሻገር ወደ ታች አታይም። ካየች ውሃው የሚያውቃት ይመስላታል።

ከሁሉ የከበዳት ግን ሱዓድ ናት። ልጅቱ እናቷ እቅፍ ውስጥ ካልገባች እንቅልፍ አይወስዳትም። ለጢፋ ደግሞ ጥርሷን ፈራች፤ የገዛ ጥርሷን። አንድ ቀን አእምሮዬ ሳያውቅ ብነክሳትስ ብላ አሰበች፤ አንዴ ካሰበችው በኋላ ሐሳቡ አልለቃት አለ። የልጇን ሳህን ለየች፣ ጉንጯን መሳም ተወች። በመጨረሻ ልብሷን ቋጥራ ጠይባ ቤት ወሰደቻት። ሱዓድ በሩ ላይ ቀሚሷን ይዛ «ምን አጠፋሁ?» አለቻት። ለጢፋ የልጅቱን ጣቶች አንድ በአንድ አላቅቃ ሄደች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የደረሰው ግን በለጢፋ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በቡሬ ላይ ነው።

የቱሉ ውሻ ከዚያ ጠብ በኋላ ደህና ነበረች። አንድ ሰሞን ግን መብላት አቆመች። ከዚያ ከኬሻዎቹ ኋላ ተደበቀች። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሴቶቹ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ከግቢው መሐል ቆማ አገኟት። ለሃጯ ይንጠባጠባል፤ ባዶ አየር ትነክሳለች፤ ጌታዋን አላወቀችውም። ቱሉ በኦሮምኛ ስሟን እየጠራ ሲያባብላት ዘለለችበት፤ ጥርሷ የካፖርቱን ጫፍ ብቻ ያዘ። ሴቶቹ ጅብ እንደ ገባበት የበግ መንጋ ተደራርበው ወደ መጋዘኑ ሮጡ። ቱሉ ጠመንጃውን አነሣ። ከተኮሰ በኋላ ወደ ሬሳው አልቀረበም፤ ጠመንጃውን ተደግፎ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

ለጢፋ ሁሉንም ከበሩ ሥር ሆና አይታለች። እንግዲህ ጥርጣሬ የለም። ዳለቻው ውሻ አብዶ ነበር። ያ ጥርስ የገባው በቡሬ ሥጋና በእሷ ሥጋ፣ በአንድ ጠዋት ነው።

እግሯ ወደ ሆስፒታሉ ወሰዳት። አቶ ወልደሰማያት ሲያዩዋት ደነገጡ።

«አልሄድሽም?»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አባቦራን፣ ወተቱን፣ አርባውን፣ ጊቤን። ይስቁብኛል ወይም ይቆጡኛል ብላ ነበር። አቶ ወልደሰማያት አልሳቁም።

«አባቦራ ጋ ሄደው ደህና የሆኑ ሰዎች አውቃለሁ» አሉ። «የነከሳቸው ውሻ በእርግጥ ማበዱን ግን አላውቅም። ሄደው የሞቱም አውቃለሁ። በጨርቅ አስረን፣ ውሃ ባዩ ቁጥር ሲንፈራገጡ ያየኋቸው። የወንዙን ነገር ብትጠይቂኝ ምንም አላውቅም። እሱን አላውቅም።»

«አሁን መርፌው ይሠራልኛል?»

«አልዘገየሽም ልልሽ አልችልም። ዘግይተሻልም ልልሽ አልችልም። ዛሬ ከነገ ይሻላል፤ የማውቀው ይኼን ብቻ ነው።»

ለጢፋ ከዚያ ስትወጣ አርባው አልሞላም ነበር። አወቱ ድልድይ ላይ ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች አየች። ሁለት ሞት ፊቷ ቆሟል። አንዱን ነግረዋታል፣ አንዱን ግን ዛሬ በዓይኗ አይታዋለች። ያየችውን መረጠች።

ጓድ ለይኩን ቢሮ ስትገባ ቱሉ ቀድሟት እዚያ ቆሞ አገኘችው። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል።

«ወረቀቱን ስጣት» ይላል ቱሉ።

«እምቢ ያለችው እሷ ናት!»

«ፈርታ ነው። አንተስ አልፈራህም? ቡሬ ሰሞኑን እጅህን ትልስ አልነበር እንዴ?»

ጓድ ለይኩን ሳያስበው እጁን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ። ቆዳው ላይ ጭረት እንዳለ የሚፈልግ ይመስል ጣቶቹን ያሻሽ ጀመር። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና ወረቀቱን አወጣ፤ ግን አልሰጣትም።

«ከበሩ ውስጥ ነው የነከሳት ብለህ ቃል ሰጥተሃል» አለ ቱሉን። «ውስጥ ከሆነ ውሻውን ያስገባኸው አንተ ነህ ማለት ነው። አሁን ደግሞ የራስህ ውሻ ግቢ ውስጥ አብዳለች። ከበላይ የሚጠይቅ ይመጣል። ቃልህን ከቀየርክ ጥፋተኛ የለም፤ እሷም አትታከምም። ካልቀየርክ...»

ለጢፋ ቱሉን አየችው። እውነቱን ሁለቱም ያውቃሉ፤ የተነከሰው እግር ውጭ የቀረው ነው። አፏን ልትከፍት ስትል ቱሉ ቀደማት።

«ውስጥ ነው» አለ። «እኔ ነኝ በሩን የያዝኩት። እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል?»

ጓድ ለይኩን የወረቀቱን ቀን አድሶ ፈረመና ሰጣት።

የይለፍ ወረቀቱን ከቀበሌ አወጣች። ጠይባ «የጠጣሽውን መድኃኒት ልታስቆጪ ነው» ብላ አኩርፋ ልትሸኛት አልመጣችም። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ግን እየሮጠች ደረሰች፤ በመስኮቱ በኩል በጨርቅ የተቋጠረ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ወረወረችላትና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሰርቦን አለፉ። ወደ አባቦራ ቤት የሚገባውን መንገድ ስታይ ለጢፋ የሚያዩዋት ይመስል አንገቷን ደፋች። ከዚያ ትንሹ ጊቤ መጣ። ዓይኗን ጨፍና የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ ደረደረች፤ የድልድዩ እንጨትና ብረት ከጎማው ሥር ተንጓጓ፣ አለፈ። ምንም አልሆነችም። ግን አልተጽናናችም፤ «እኔን የሚጠብቀኝ ትልቁ ነው» አለች በልቧ።

ትልቁ ጊቤ ጋ ሲደርሱ አውቶቡሱ ኬላ ላይ ቆመ። ታጣቂዎች ተሳፋሪውን አስወርደው ወረቀት ያያሉ፣ ያገላብጣሉ፣ ይፈትሻሉ። ቆላው ይፋጃል። ለጢፋ ከታች የሚወርደውን ቡናማ ውሃ እያየች ቆመች። አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኗ ተቀምጠው የነበሩ አሮጊት ውሃ በጣሳ ሰጧት፤ ወደ አፏ አስጠግታ መዋጥ አቃታት። ይኸው፣ አለች፤ ይኸው መጣ። ጣሳው በእጇ ተንቀጠቀጠ። ታጣቂው «ምን ሆነሽ ነው የምትንቀጠቀጪው? ምን ይዘሽ ነው?» ብሎ አፈጠጠባት። አሮጊቷ «ታማሚ ናት፣ አታይም እንዴ ልጄ!» ብለው ተቆጡት። ተሳፋሪው ተመልሶ ገባና አውቶቡሱ ተነሣ። ድልድዩ መሐል ሲደርሱ ለጢፋ ጣሳውን አንሥታ፣ ከመጣ እዚሁ ይምጣ ብላ፣ ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ወረደ። ያላለቀሰችውን ሁሉ እስከ ወልቂጤ አለቀሰችው።

አዲስ አበባ መርካቶ የምትኖር የጅማ ሴት አስጠጋቻት። በየጠዋቱ መርፌው ከሚሰጥበት ቦታ ተሰልፋ ሆዷን ገልጣ ትቆማለች። መርፌው ያቃጥላል፣ ያብጣል፤ በማግስቱ ካበጠው አጠገብ ይወጋታል። ሰልፉ ላይ ከየአገሩ የመጣ ሰው አለ፤ ብዙው ከመምጣቱ በፊት የአገሩን መድኃኒት ጠጥቶ የመጣ ነው፤ ማንም ግን ጮክ ብሎ አይናገረውም። አንድ ጠዋት ከፊቷ ይቆም የነበረ ሰው ቀረ። ለምን እንደቀረ አልጠየቀችም፤ ባዶውን ቦታ ግን ወደፊት ተራምዳ ልትሞላው እግሯ አልታዘዝ አላት።

ስትመለስ ሱዓድ መጀመሪያ ሸሸቻት፤ ከጠይባ ቀሚስ ኋላ ሆና አየቻት። ለጢፋ ተንበርክካ ክንዷን ዘርግታ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። ሲመሽ ልጅቱ ራሷ መጥታ እቅፏ ውስጥ ገባች፤ ለጢፋ ጉንጯን ሳመቻት።

ቱሉ ግን በሩ ላይ አልነበረም። «ግቢ ባለመጠበቅ» ተብሎ ከደመወዙ ተቀንሶ ሊሙ ውስጥ ወዳለ የቡና ማጠቢያ ተዛውሯል። ለጢፋ እሱን ፍለጋ ሄዳ፣ ከወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። አዲስ ውሻ አልያዘም። «ስለኔ ነው» ስትለው እጁን አወዛወዘ። «በሩን ስከፍት ሁለተኛው እግርሽ እስኪገባ መጠበቅ ነበረብኝ» አለ።

ዓመት አለፈ። ለጢፋ ቀስ በቀስ ጉሮሮዋን ማዳመጥ ተወች። በተከታዩ ዓመት፣ ቡና መቅላት ሲጀምር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። ከፍታ ስታይ አባቦራ ቆመዋል። ኮፍያቸው ያው የነተበው ነው። በጎናቸው ፈድሊያ የምትባል የልጃቸውን ልጅ ይዘዋል። የልጅቱ ክንድ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

ለጢፋ ሐፍረት ያዛት። ክልክላቸውን ጥሳለችና። «አባ፣ ይግቡ» አለች ቀና ሳትል።

አልገቡም። «ጊቤን ተሻገርሽ አሉ» አሏት።

«ተሻገርኩ አባ። አውፍ ይበሉኝ።»

አባቦራ የፈድሊያን ጭንቅላት ዳበሱ። ያ የዚያን ቀን መንቀጥቀጥ አሁንም እጃቸው ላይ አለ፤ አሁን ግን ብሷል።

«ይቺን ውሻ ነከሳት፤ መድኃኒቱን ሰጥቻታለሁ» አሉ። «ከአባቴ እንደተቀበልኩት፣ አንድም ሳላጎድል ሰጥቻታለሁ። ግን እንቅልፍ አጣሁ። ለሌላ ሰው ልጅ ስሰጥ እተኛ ነበር፤ ለእሷ ስሰጥ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ማሎ፣ እባክሽ ለጢፋ፣ መርፌው የት ነው? ወረቀቱን የሚሰጠው ማን ነው? እኔ ገበሬ ነኝ፣ መሥሪያ ቤት የለኝም። እኔን ማን ይሸፍነኛል?»

ለጢፋ ዓይናቸው ውስጥ የራሷን ፍርሃት አየችው፤ ቆሞ የሚያያት ያው ፍርሃት ነው። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። አቶ ወልደሰማያት ፈድሊያን አይተው ጻፉላት። ከባዱ ሥራ ግን ሰርቦ ነበር የሚጠብቃቸው። የነፃ ሕክምና ወረቀት የሚሰጠው የገበሬ ማኅበሩ ነው፤ ሊቀመንበሩም ያው አባቦራን ሲያስጠነቅቅ የኖረው ሰው ነው። አባቦራ ደጁ ድረስ መጥተው መግባት አቃታቸው። «ይዘው ያስሩኛል» አሉ። ለጢፋ ልጅቱን ይዛ ብቻዋን ገባች።

«የማን ልጅ ናት?» አለ ሊቀመንበሩ።

ለጢፋ አልደበቀችም። «የአባቦራ። ውጭ ቆመዋል። ፈርተውዎት ነው።»

ሊቀመንበሩ ብዕሩን እንደያዘ ተነሣ። በመስኮቱ አጮልቆ አያቸው፤ አጥር ተደግፈው የቆሙትን ሽማግሌ። ከዚያ «እኔንም ልጅ እያለሁ እሳቸው ናቸው ያጠጡኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጽፎም ማኅተሙን መታበት።

አውቶቡሱ ውስጥ ፈድሊያ መሐል ተቀመጠች። ትልቁ ጊቤ ጋ ሲደርሱ አባቦራ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አንድ እጃቸው በልጅቱ ጉልበት ላይ ነው፤ ሌላው የለጢፋን ነጠላ ጫፍ ጨምድዶ ይዟል። ለጢፋም ትፈራ ነበር። ስለልጅቱ ፈራች፣ ስለሳቸው ፈራች፤ ይህንን ሁሉ መንገድ አምጥታቸው ባትድንስ ብላ ፈራች።

ፈድሊያ ዳነች። በየትኛው እንደዳነች የጠየቃቸው ሰው ሲኖር አባቦራ ወደ ሰማይ ይጠቁማሉ። ከዚያም ወዲያ ቤታቸው የሚመጣውን ሰው አልመለሱም፤ ዱቄታቸውን ወተት ላይ መነስነሳቸውንም አልተዉም። «ጊቤን አትሻገሩ» ማለታቸውን ግን ተዉት። እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኝተው፣ መንገዱን ግራና ቀኝ አይተው፣ «አሁን ደግሞ ቶሎ ብለህ ወደ ጅማ ሂድ፤ አቶ ወልደሰማያትን ብለህ ጠይቅ» ይሉ ነበር።